ሰው ቤት የሚጣፍጥ ድምፅ

ለእህቴ ለስመኝ፣
ወልዲያ።

እንደምን ከረምሽልኝ እታለም? ክረምቱንስ እንዴት አወጣሽው? ያ የተሰበረው ዳሌሽ ደመና ሲያይ ይጠዘጥዘኛል ብለሽ ነበር፤ አሁን መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ትንሽ ተወት አደረገሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ይወርድልሻል? ልጅሽ ፍሬሰላም እንዴት ናት? ባሏ ኢያቄምስ? ልጆቻቸው አደጉ? ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ ያ ከደጅሽ ያለው ዋርካ ሳይቀር ደህና ነው ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ፤ ከእርጅና በቀር ቤቴ የገባ ክፉ እንግዳ የለም። ባለቤቴ ጀማነሽም ደህና ናት። ጉልበቷ ደከም ብሏል፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያነበበችልኝ ጎረቤቴ ጀሚላ ናት፤ ይሄንንም የምትጽፍልኝ እሷው ናት። ዕድሜ ልኳን መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስትመታ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ስለሆነች ነገር ማሳመር ትወዳለች። «ጋሼ ብርሃነ፣ ይቺን እንኳ ላለስልስልዎት» ስትለኝ እምቢ ብያታለሁ። እህቴ ታውቀኛለች፣ እንዳልኩት ጻፊው ብያለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ደግሞ በስልክ አንቺም ትጮሂያለሽ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ደህና ነሽ ደህና ነኝ ተባብለን ስለሚዘጋ ነው። የረጋ ነገር በወረቀት ነው የሚሄደው።

የጻፍሽው ቃል አንጀቴን በላው። አልዋሽሽም፣ አናዶኛልም። «ወንድምጋሼ፣ አልጋ ላይ ከዋልኩ ዓመት አለፈኝ። ጣራ ጣራ ሳይ ከምውል አንድ የሚዘፍን ነገር ላክልኝ ብዬ ለመንኩህ። ያ ሁሉ ዕቃ በቤትህ ሲገባ ሲወጣ፣ አንዱ እንኳ እንዴት ለኔ አይሆንም? ቆይ፣ ደህናው እየመጣ ነው ትለኛለህ። አንተ ደህናውን ስትመርጥ እኔ እንዳልቀድምህ።» ጀሚላ እዚህ ጋ ስትደርስ ማንበቧን አቁማ ውኃ ጠጣች። ከታች ደግሞ ጨምረሽበታል፤ «ለመሆኑ እናንተ ሰዎች ለመሸጥ ነው የምትገዙት ወይስ ለመግዛት ነው የምትሸጡት?» ብለሽኛል።

እኔ ንፉግ አይደለሁም ስመኝ። ያልላክሁልሽ ላንቺ የማይሆን ዕቃ መላክ ስላልፈለግሁ ነው። አሁን ግን የሚሆነውን አግኝቻለሁ፤ በዚህ ሳምንት ተጭኖ ይመጣልሻል። ታዲያ አቀማመጡን ካላወቃችሁበት ከንቱ ነው የሚሆነው። አቀማመጡን ለመንገር ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ማውራት አለብኝ፤ ታግሰሽ ስሚኝ። መቼስ ከአልጋሽ አትነሺ፣ የት ትሄጃለሽ? ጀሚላ ይቺን አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፊ ብያታለሁ። አንቺ እንደምትስቂ አውቃለሁ።

ከጥያቄሽ ልጀምር። አንዳንዱ ሰው በቅሎ ይለዋውጣል፣ አንዳንዱ ሚስት ይለዋውጣል። እኛ ደግሞ አምፕሊፋየር፣ ስፒከር፣ ሸክላ ማጫወቻ እንለዋውጣለን። ብዙ አይደለንም። ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ያለው ለታ አለ፤ ስታዲየም አካባቢ የሚኖረው መምህር ወዳጆ አለ፤ ሌሎችም ይመጣሉ ይሄዳሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ካንዳችን ቤት ተሰብስበን እንሰማለን። ዕቃው የሚመጣው አገሩ ከሚመለስ ሰው ነው። እዚህ ሰፈራችን የውጭ ሰው ይመጣል፣ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ይሄዳል፤ ሲሄድ አልጋውንም ፍሪጁንም ማጫወቻውንም ሸጦ ነው። መሄዱን ከሚስቱ ቀድሞ የሚያውቀው ዘበኛው ነው። እኔ ደግሞ በጭነት መኪና አሰብ ስመላለስ በኖርኩበት ዘመን በካዛንቺስ ሻይ ያልጋበዝኩት ዘበኛ የለም።

አንድ ዕቃ ከመሃላችን ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ከኔ ለለታ፣ ከለታ ለወዳጆ፣ ከወዳጆ ተመልሶ ለኔ፣ እንደ ዕቁብ ይዞራል። ሕግ አለን። መሸጥ ያማረው ሰው በመጀመሪያ የሸጠለትን ሰው ይጠይቃል። የሸጠ ሰው የሸጠውን ዕቃ አያማም። ትልቁ ሕጋችን ግን መልስ ነው። ልጅ የዳረ ሰው ሙሽሮቹን ለመልስ እንደሚጠራው፣ በኛ ደግሞ ተገልብጦ ዕቃ የገዛው ሰው በመጀመሪያው ቅዳሜ ሻጩን ቤቱ ይጠራዋል። ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ከዚያ ዕቃውን ከፍቶ ያሰማዋል። ሻጭ በመልሱ ቀን ካልመጣ ያስቀይማል።

በመልሱ ቀን ያልተቆጨ ሻጭ ደግሞ እስከ ዛሬ አላየሁም። ቤትህ ሳለ ዲዳ የነበረው ዕቃ ሰው ቤት ሲገባ አፉን ይፈታል። ቁርጥህን ጎርሰህ ትቀመጥና፣ ይሄ የኔ የነበረው ነው? ትላለህ። ወዳጆ አንዴ የሸጠልኝን ማጫወቻ በመልሱ ቀን ሰምቶ ሳይሰናበተኝ ወጥቶ ሄዷል፣ ጃኬቱን እንኳ ረስቶ።

ቤታችን ሲመጣ አፉ የሚዘጋው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። የመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ ነው፤ ሲናገር ሁሉም ዝም ብሎ ይሰማዋል። የምታውቂው ዘፈን ውስጥ አይተሽው የማታውቂው ሰው ይገኛል። ከበሮ መቺው ሲተነፍስ ትሰሚያለሽ፤ ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት ከንፈሯን ስታረጥብ ትሰሚያለሽ። ከዚያ እንግድነቱ ያልቅና ቤተሰብ ይሆናል። አንድ ቀን ከውጭ ስገባ ጀማነሽ ዳንቴል አልብሳ፣ የፕላስቲክ አበባ አሸክማ አቁማዋለች። ዳንቴል የለበሰ ስፒከር በቃ ቁም ሳጥን ነው። ይጮሃል እንጂ አይናገርም። ጀማነሽን ብወቅሳት «ዳንቴሉን ምን አድርግ ትለዋለህ? የሚሰለቸው ጆሮህ ነው» ትለኛለች።

ወዳጆ የተማረ ነው፣ ነገሩ የኤሌክትሪኩ ነው ይላል። ለታ የእንጨቱ ነው ይላል። እኔ ግን እንዲህ ነበር የምላቸው፤ የምፈልገው አንድ ድምፅ አለ። የት ሰማኸው? ቢሉኝ አላውቅም። ምን ይመስላል? ቢሉኝ አላውቅም። ሳገኘው ግን አውቀዋለሁ። ይሄን ስናገር ያምኑኝ ነበር፤ በመሃላችን ባለ ጆሮ የሚባለው እኔ ነበርኩና። ላንቺም ቆይ፣ ቆይ ያልኩሽ ያንን እስካገኝ ነው።

ሐምሌ ላይ ያገኘሁት መሰለኝ። ወደ ለታ ቤት ስሄድ ቡልጋሪያ ስደርስ ሰማዩ ተዘረገፈ። የለታ ቤት ከጋራዡ ጀርባ ነው፤ ከግንቡ ሥር ቆርቆሮ ክፈፉን ተጠልዬ ቆምኩ። ውኃው ከጫማዬ ፊት እንደ መጋረጃ ሲወርድ፣ ከግንቡ ወዲያ ክራር ሰማሁ። እታለም፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ጣቱ ጅማቱን ለቆት ከሄደ በኋላ የሚቀረው ነገር፣ ያ ብቻውን መጥቶ ደረቴ ውስጥ ተቀመጠ። የት እንደቆምኩ ጠፋኝ። አሰብ መንገድ ላይ ሙቀቱ መሬቱን እንደ ውኃ ሲያስመስለው ዓይን እንደሚፈዘው፣ እንዲያ ፈዘዝኩ። ለካ ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ በቆሎ የምትጠብስ አንዲት ሴት «አባባ፣ አባርቷል እኮ፤ ምን እየጠበቁ ነው?» ብላ ነው የቀሰቀሰችኝ።

የለታን በር ደበደብኩ። ሰላም እንኳ ሳልለው «ያን የምታሰማውን ሽጥልኝ» አልኩት። «ይግቡና ልብስዎ ይድረቅ እንጂ ጋሼ» ይላል። ስገባ ሁለት ስፒከሮች ቆመዋል፤ ፊታቸው አዲስ ጨርቅ የለበሰ፣ እንጨታቸው በቫርኒሽ የሚያብለጨልጭ። «ጋሼ ብርሃነ፣ ይሄ እኮ» ብሎ ሲጀምር «ዝም በል! ስንት ዓመት የፈለግሁትን ደብቀህብኝ አሁን ልታስረዳኝ ነው?» አልኩት። ደጋግሞ ሊናገር ሞከረ፣ ደጋግሜ አፉን ዘጋሁት። በመጨረሻ «እርስዎ ካሉ እንግዲህ» ብሎ ከነአምፕሊፋየሩ በራሱ መኪና ጭኖ አመጣልኝ። መንገዱን ሁሉ ይስቅ ነበር። ደስ ብሎት ነው ብዬ ነበር።

ቤቴ አስቀምጬ ስከፍተው ያ ነገር የለም። ሽቦውን ነካካሁ፣ ከግድግዳው አራቅሁ፣ አቀረብኩ፣ የለም። ክራሩ አለ፣ ጣቱ አለ፣ ያ የሚቀረው ነገር ግን የለም። በማግስቱ ጀማነሽ ቤት ስትጠርግ አንዱን ስፒከር አጋደመችና «ና እስኪ ብርሃነ» አለችኝ። ሥሩ ላይ የካውያ ቅርፅ ቁልጭ ብሎ ጠቁሯል። «ይሄ የኔ ካውያ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ድሮ የከሰል ካውያዋን ስፒከር አናት ላይ አስቀምጣ አቃጥላብኝ፣ ተኳርፈን ከርመን ነበር። ለታ የተቃጠለው እንዳይታይ አናቱን እግር፣ እግሩን አናት አድርጎ አቁሞታል። በገዛ እጄ የሸጥኩለት ዕቃ ነው፤ ድምፁ ሞቷል ብዬ በልቤ ተሰናብቼው።

ገዢ ነኝና መልስ መጥራት ነበረብኝ። መጡ። ወዳጆ ብርጭቆውን አንስቶ «ጎበዝ፣ ጋሼ ብርሃነ የፈቷትን ሚስታቸውን በቬል ተሸፍና አገኟትና አዲስ ናት ብለው አገቧት» አለ። ጀማነሽ ከጓዳ ሆና «እሱ የመጀመሪያዋንም የሚያውቃት በካውያዋ ነው» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ሆዴ አልሳቀም። ሳገኘው አውቀዋለሁ ስል የኖርኩ ሰው የራሴን ዕቃ አላወቅሁትም። ጆሮዬ ሄዷል አልኩ። አንቺም ትዝ አልሽኝ። ለስመኝ ምን ልልክላት ነው? ደህናው ይሄ ነው ብሎ የሚነግራት ጆሮ ከሌለኝ፣ ያ ሁሉ ቆይ፣ ቆይ ባዶ ነበር ማለት ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲመጣ ራሴን አመመኝ እያልኩ እቀር ጀመር።

ነሐሴ ሲያልቅ ጣራችን አፈሰሰ። ስፒከሮቹ እንዳይርሱ ጀሚላ ቤት አስገባናቸው። የሷና የኛ ቤት የሚዋሰነው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ስታስነጥስ ይማርሽ የምላት ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው። ያኔ ጾሟ ገብቶ ነበር። ከማፍጠሯ በፊት ያለችውን ሰዓት መንዙማ እየሰማች ነው የምትገፋት። «ጋሼ፣ በርስዎ ዕቃ ብሰማበት ያስቀይምዎታል?» አለችኝ። ስሚበት አልኩና ገብቼ ጋደም አልኩ። ዕቃውን ማየት አስጠልቶኝ ነበር።

ጀንበር ዘቅዘቅ ብላለች። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ጀማነሽ ደጅ ምስር ትለቅማለች። እንቅልፍም አይደለም፣ ንቃትም አይደለም። ግድግዳው ይዘምር ጀመር። ቃሉ አይሰማም፤ የሰውየው ድምፅ ብቻ፣ እንደ ሞቀ ወተት፣ ከጭቃው ውስጥ ይወጣል። ያ የሚቀረው ነገር መጣ ስመኝ። መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ ግን ስም ነበረው፣ አወቅሁት።

ላስታ፣ የአያታችን ቤት። ትዝ ይልሻል? አንቺ ገና ጥርስሽ የተነቀለ ልጅ ነሽ። ፍልሰታ ነው፣ እናታችን ከቅዳሴ እስክትመለስ እህል አንቀምስም። ቀኑ አልመሽ ይላል፣ ሆዳችን ይጮሃል፣ ከውጭ ዝናብ፣ ከውስጥ ጨለም ያለ ቤት፣ እኔና አንቺ መደቡ ላይ። ከግድግዳው ወዲያ ክራር ይጀምራል። አያታችን እንግዳ አለ፣ ታሟል፣ አትግቡበት ብለውናል። ሰውየውን አይተነው አናውቅም። መጣ፣ ተኛ፣ ክራሩን መታ፣ አንድ ቀን ደግሞ ተወ። አንቺ ግድግዳው ላይ ጆሮሽን ለጥፈሽ «ወንድምጋሼ፣ ግድግዳው ራበኝ ይላል» ትዪኝ ነበር። እዚያው ተለጥፈሽ እንቅልፍ ይወስድሻል። እናታችን ስትመጣ ጆሮሽ ላይ የምርጊቱ አፈር ተለጥፎ ታገኝሽና በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግልሻለች።

ያን ሁሉ ዓመት የፈለግሁት ይሄን ነው እንግዲህ። ተነስቼ በባዶ እግሬ ጀሚላ ቤት ገባሁ፤ ስፒከሮቹ ፊት ብቆም የለም። ተመልሼ አልጋዬ ላይ ብተኛ አለ። ደግሞ ሄድኩ፣ የለም። መጣሁ፣ አለ። ጀሚላ «ጋሼ ብርሃነ፣ ምን ጠፍቶዎት ነው?» አለችኝ፤ ተምሩን በእጇ ይዛ አዛን እየጠበቀች። አልጠፋብኝም፣ ተገኘ አልኳት። ይሄን ስትጽፍ አሁንም ትስቅብኛለች። ያን ቀን ግን ጫማዎን እንኳ ያድርጉ አለች እንጂ አልሳቀችም።

ስለዚህ የጥያቄሽ መልስ ይሄ ነው። ሰው ቤት ያለ ድምፅ ግድግዳ አለው፣ ደጅ አለው፣ ወዲያ ማን እንዳለ አታውቂም። ገዝተሽ ፊትሽ ስታቆሚው ሳጥን ይሆናል። ስትሸጪው ደግሞ ወደ ግድግዳው ወዲያ ይመለስና ይጠራሻል። በዚህ ነው ስንገዛ ስንሸጥ ያረጀነው። ይሄን ለለታ ስነግረው «እንዲያ ከሆነማ ለጎረቤት ሰጥተን እንገላገል» አለኝ። በሳምንቱ ግን መስቀል ፍላወር አንድ ፈረንጅ ሊሄድ ነው ሲባል ቀድሞኝ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንተስ እዚያ ምን ልትሠራ ሄድክ እንዳትዪኝ። ሰው ልማዱን ባንድ ቀን አይጥልም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሰፈራችን ይፈርሳል ይባላል፤ ከኛ በታች ያሉት ቤቶች ወርደዋል፣ እኛም ኮንዶሚኒየም እንገባለን ይሉናል። የጀሚላም ግድግዳ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ስፒከሮቹን ከነአምፕሊፋየሩና ከነቴፑ ላንቺ ልኬአለሁ። ድሮ ረዳቴ የነበረው ገብረሕይወት አሁን የራሱ መኪና አለው፣ ወልዲያ ይመላለሳል፤ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ደጅሽ ያደርሰዋል። የክራር ካሴቶችም አሉበት። ጀሚላ ደግሞ ከመንዙማዎቿ አንዱን ጨምራልሻለች፣ የምትወደውን። የካውያውን ቃጠሎ አይታችሁ እንዳትቀየሙ። እኔ ዕቃውን የማውቀው በሱ ነው።

ኢያቄም በሚገባ ይስማኝ። ዕቃው አንቺ ክፍል አይግባ። ሳሎንም ለእንግዳ አይቁም። አልጋሽ ከተጠጋበት ግድግዳ በስተጀርባ ያለችው ጓዳ፣ እህል የምታስቀምጡባት፣ እዚያ ይግባ። ፊቱ ወደ ግድግዳው ይሁን፣ በሩ ይዘጋ። ድምፁን አያስጩኸው፤ ልክ አንድ ሰው ለራሱ እንደሚያንጎራጉር። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይክፈተውና ወጥቶ ሥራውን ይሥራ። አንቺ ምንም አትጠይቂ። ማን ከፈተው፣ የማን ነው አትበዪ። ዝም ብለሽ ተኚ።

እና ስመኝ፣ ሕጋችንን ነግሬሻለሁ። ዕቃ የገባለት ሰው መልስ አለበት። ዕቃው ከገባ በኋላ ባለው ቅዳሜ እመጣለሁ። ጀማነሽ «በዚህ ጉልበትህ ያን መንገድ?» ትለኛለች፤ አሰብን የበላሁ ሰው ወልዲያ ያቅተኛል? ምንም አታዘጋጁልኝ። ከአልጋሽ አጠገብ አንድ ዱካ ብቻ ይቀመጥልኝ። ጓዳውን ላሳይህ የሚለኝ ሰው እንዳይኖር፤ ዕቃውን ማየት አልፈልግም።

ለፍሬሰላም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ አንቺን ስታገላብጥ ወገቧን እንዳይቀጫት በሉልኝ። ለኢያቄም፣ ሽቦውን በእርጥብ እጁ እንዳይነካ ከሰላምታ ጋር። ልጆቹን ሁሉንም ግንባራቸውን ስሜአለሁ፤ ጓዳ ገብተው ቁልፍ እንዳያዞሩ አስጠንቅቂያቸው። ጀማነሽ እግርሽን ስማለች፣ ለስፒከሩ የሚሆን ዳንቴልም ልካለች፤ አታልብሱት። ጀሚላ አላህ ያሽርሽ ብላለች፤ በዓሉን አብረን ነው የዋልነው። ለታና ወዳጆ አያውቁሽም፣ ግን የመልሱን ነገር ሰምተው ቀንተዋል።

እታለም፣ እስክመጣ አደራሽን እንዳትቀድሚኝ። ግድግዳው ላይ ጆሮሽን ለጥፊ፣ እንቅልፍም ከወሰደሽ ይውሰድሽ። አፈሩን ግን ማንም አይጥረግልሽ፤ መጥቼ እኔ እጠርግልሻለሁ።

ወንድምሽ ብርሃነ

ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 25 ቀን 2001 ዓ.ም.